ሳይነበብ የተጻፈ «ተነቦልናል»

የምስክርነት ቃል

የምስክሩ ስም፦ ከዚህ ቅጂ ላይ እንዲወጣ ተደርጓል፤ በሥራ ቦታው «ስለሆነም» እየተባለ ይጠራል
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ በፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻና ውል ጸሐፊ
አድራሻ፦ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ከማተሚያ ቤቱ በላይ አንደኛ ፎቅ
ከግል ተበዳይ ጋር ያለው ዝምድና፦ የአባቷ ታላቅ ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለችው፦ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ፣ ሳጅን

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ለሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቃል በወረቀት ሳሰፍር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠረጴዛዬ ከፍርድ ቤቱ በር በስተግራ፣ ከአጥሩ ሥር ነው። በጠረጴዛዬ መስተዋት ሥር «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል በእጄ የጻፍኩት ወረቀት አለ። «ስለሆነም» የሚለው ቅጽል ስም የወጣልኝ ቃሉን በየማመልከቻው ስለማበዛ ነው። ሰው ሊስቅብኝ ያወጣው ቢሆንም እኔ ወድጄው ኖሬአለሁ። የራሴን ቃል ስሰጥ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የባለጉዳይ ወንበር እንዲህ እንደሚጎረብጥ አላውቅም ነበር።

የቀረብኩት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በእጄ ስለጻፍኩት አንድ የዕርቅ ውል ለማስረዳት ነው። የግል ተበዳይ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ትዘምር ነበር። ተጠርጣሪው ቄስ የመዘምራኑ አስጠኚ ነበር። ከልምምድ በኋላ እያስቀረ በመጻሕፍት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ለወራት ሲደፍራት እንደነበር ለእናቷ ተናገረች፤ እናቷም ለባሏና ለእኔ ነገረችን። ዝርዝሩን ልጅቷ ራሷ በዚሁ ቢሮ ስለሰጠች እኔ አልደግመውም፤ የእሷ ቃል ነው።

እናትየው በዚያው ዕለት ወደ ፖሊስ እንሂድ አለች። ወንድሜ የቤተ ክርስቲያኑ የኮሚቴ አባል ስለነበር አንገራገረ። ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ነገሩ ከቤት እንደማይወጣ ቃል ሰጥቶ መጣ። ሚስቱ ስታለቅስበት «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ተረት ሁላችንም ቁም ነገረኛ ለመምሰል ስንናገረው ኖረናል። ያን ቀን ግን የወለዳት ልጅ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እኔም ታላቅ ሆኜ ሳለ አልገሠጽኩትም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ በወንድሜ ሳሎን ተሰበሰብን። የተገኙት ሊቀ መንበሩ፣ ሽማግሌ ተብሎ የተጠራ አንድ አናጢ፣ ተጠርጣሪው፣ ወንድሜ፣ ሚስቱና እኔ ነን። ልጅቷ ውስጥ እንድትቆይ ተደረገ። እኔ የተጠራሁት ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። ተጠርጣሪው አልካደም። አንገቱን ደፍቶ «ሰይጣን አሳሳተኝ፤ ሥራዬን አታሳጡኝ» አለ። ይህን የተናገረው ከእኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ነው። አናጢው በሕይወት አለ፤ እሱም ሰምቷል። በወረቀቱ ላይ ግን አላሰፈርኩትም፤ አስፍር ያለኝም የለም።

ሊቀ መንበሩ «ስህተት» ብለህ ጻፍ አለኝ። ተጠርጣሪው ስህተት የሚለው ቃል ይከብዳል አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ «አለመግባባት» ብንለውስ አልኩ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሲተነፍስ ተሰማኝ። ሊቀ መንበሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ የቃል ሀብታም ነህ አለኝ። መርማሪዋ ያኔ ምን እንደተሰማኝ ጠይቃኛለች። ደስ አለኝ። አሁን ስናገረው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የአንዲት ሕፃን ሥቃይ በአንድ ቃል ሲለሰልስ እኔ በሙያዬ ኮራሁ።

የአሠራር ልማዴን መግለጽ ያስፈልጋል። ውል ስጽፍ ጭራውን አስቀድማለሁ። ባለጉዳይ ስለሚቸኩል በመጀመሪያ ከግርጌው «ይህ ውል ተነቦልናል፤ ተስማምተን ፈርመናል» ብዬ የፊርማውን ቦታ አዘጋጃለሁ፤ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ ነገሩን እሞላለሁ። በዚያ ወረቀት ላይም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ተነቦልናል የሚለው የተጻፈው የሚነበብ ነገር ከመኖሩ በፊት ነው።

ከቀኑ 9፡50 ገደማ ልጅቷ ተጠራች። ወረቀቱን በግራ እጄ መዳፍ ይዤ በቀኝ ጣቴ የምትፈርምበትን አሳየኋት። መዳፌ ጽሑፉን ሸፍኖት ነበር። «ጋሼ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። እኔም «ሰላም ነው የሚለው፤ ፈርሚ» አልኳት። ፈረመች። በማንም አልተነበበላትም። እናትየው ተራዋ ሲደርስ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች፤ አልተመለሰችም። «የእናት ፊርማ» የሚለው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ እውነት የሆነው ያ ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ተጠርጣሪው ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ። እስካሁን ድረስ እዚያ ልጆች ያስጠናል።

ባለፈው ወር ሐሙስ ጠዋት የግል ተበዳይ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ዘመድ ነኝ ብላ አልቀደመችም፤ ከሁለት ባለጉዳዮች ኋላ ተሰልፋ ተራዋን ጠብቃ ተቀመጠች። ማመልከቻ ልታጽፍ የመጣች መስሎኝ ወረቀት አወጣሁ፤ በነፃ እንደምጽፍላትም ነገርኳት። «ስለሆነም ብለህ እንዳትጀምር ብቻ» ብላ ሳቀች። ከዚያ የውሉን ፎቶ ኮፒ ፊቴ አስቀመጠች።

ወደዚህ ቢሮ መጥታ እንዳመለከተች፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ የምትሰጥ ጠበቃም እንዳገኘች ነገረችኝ። ጠበቃዋ በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወንጀል በሳሎን ዕርቅ እንደማይዘጋ፣ የወንጀሉ ክስና የካሣው ክስ ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ ያለፈው ጊዜም ያኔ ልጅ መሆኗ ታይቶ እንደሚመዘን አስረድታታለች። በየረቡዑ የምታነጋግራት የሥነ ልቦና አማካሪ አለች፤ ቀጠሮ ሲኖርም አብራት የምትገባ ሰው ተመድቦላታል። ይህን ስሰማ እኔ በር ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ተቀምጬ፣ ከጀርባዬ ያለውን መንገድ ለገዛ ልጄ ሳላሳይ መኖሬ አንገበገበኝ።

እንቅፋት የሆነባት የእኔ ወረቀት ነው። የተጠርጣሪው ጠበቃ ነገሩ አለመግባባት እንደነበር ተበዳይዋ ራሷ ተነቦላት ፈርማለች ብሎ አቅርቦታል። እንዴት እንደምረዳት ስጠይቃት የመለሰችው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ማመልከቻ አልፈልግም። ያን ቀን አላነበብክልኝም። ይቺን ብቻ ተናገርልኝ።»

ወንድሜ ቅዳሜ ዕለት ቤቴ ድረስ መጥቶ እንድተወው ለምኖኛል። ያንኑ ተረት ደገመልኝ። የተናገርከው አልጠፋም፣ የጠፋችብህ ልጅህ ናት አልኩት። ሳይሰናበተኝ ወረደ። ቤቷን ካየ ስድስት ዓመት እንዳለፈው አውቃለሁ።

ይህን ቃል ለመስጠት ማንም አላስገደደኝም፤ የተገባልኝ ነገርም የለም። ያልተነበበውን ተነቧል ብዬ መጻፌ ሊያስጠይቀኝና የጸሐፊነት ፈቃዴን ሊያሳጣኝ እንደሚችል መርማሪዋ አስረድታኛለች። ገብቶኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ይበቃል።

ቃሌ እዚህ ላይ ካበቃ በኋላ መርማሪዋ እንድፈርም ወረቀቱን አዙራ ሰጠችኝ። ከግርጌው «ቃሌ ተነቦልኝ» የሚለው አስቀድሞ ተጽፎ አገኘሁት፤ እሷም እንደ እኔ ጭራውን ታስቀድማለች። የሙያ ልጄ ነሽ ብዬ ቀለድኩባት፤ ከዚያ እንዲሰረዝና ከመጀመሪያው እንዲነበብልኝ ጠየቅኩ። ስታነብ በሦስተኛው መስመር ላይ ከአሮጌው ውል ተወስዶ «ስለ አለመግባባቱ» የሚል ቃል ገብቶ ተገኘ። የእኔ ቃል ነው፤ ዛሬም ሳይታወቅ እየሠራ ነው። በጥያቄዬ ተሰርዟል፤ በስርዙም ላይ ሁለታችን ፈርመናል።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ያየሁት፣ የሰማሁትና በእጄ ያደረግኩት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት እጠየቃለሁ። ቃሌ በመርማሪዋ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ለማንበብ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጅቷል። የዚያ ቀኑ ወረቀት ግማሽ ገጽ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪዋ ፊርማ ____________
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡47