ከጀርመን ስለተመለሰው ጥቁር ገብስ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አቶ ገብረ ሕይወት ይታያል
ዕድሜ፦ 78 (ምስክሩ «ለግብር ሰባ ስምንት፣ ለሌላው ስድሳ ብለህ ጻፍ» ብለዋል)
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ቢቸና ከተማ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሐብታሙ የኔሰው

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በፈቃዴ ቀርቤ ስለ ልጅ ልጄ ስለ ሰገነት ምንይሉ የማውቀውን አስረዳለሁ። ሰገነት በዩኒቨርሲቲ የሰብል ሳይንስ መምህርት ናት። መሥሪያ ቤቷ ከአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ ስለሚሠራ በግንቦት ወር ለጉብኝት ተልካ ነበር። አሁን ግን ከዚያ ያመጣችውን ዘር ሳይመረመር ለሌላ አሳልፋ ሰጥታለች ተብላ ከሥራ ታግዳለች፤ ክስም ሊመሠረትባት ነው።

ዘሩ ጥቁር ገብስ ነው። በጃንሆይ ጊዜ አንድ ፈረንጅ በበቅሎ ሞጣ መጥቶ ከአባቴ ማሳ አንድ ቁና ወስዷል። አባቴም በግ አርዶ ሸኝቶታል። ያን ጊዜ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ፖሊስ አልነበረም። ኋላ ምርጥ ዘር መጣልንና ጥቁር ገብሳችን ከአገር ጠፋ። ሰገነት ጀርመኖቹ ዘር የሚያስቀምጡበትን ቀዝቃዛ ክፍል ሲያስጎበኟት «ሞጣ» ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ አየች። ብትለምናቸው አንድ ጭብጥ ሰጧት።

ሰኔ 10 ቀን ከመንገድ መጥታ ቢቸና እኔ ቤት አደረች። ዘሩን በፖስታ አሳየችኝና «አባባ፣ እንዳይነካ! መጀመሪያ ምርምር ጣቢያ ገብቶ በሽታ እንደሌለበት ይታያል» አለችኝ። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ብጠይቃት «ሁለት ዓመት ቢሆን ነው» አለች። «እኔም እኮ ላይ ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ እስኪመረመር ጠብቁኝ ልበላቸው?» አልኋት። ሳቀችና ፖስታውን ከሣጥኔ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ሣጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ እንዳለው አልጠየቀችኝም። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ዘሩን ሰርቄ በምትኩ ነጭ ገብስ ጨመርሁበት። እሷ ፖስታውን ከፍታ ሳታይ ለምርምር ጣቢያው አስረከበች፤ ሲከፈት ነጭ ሆነ። ጥቁሩን የት አደረግሽው ስትባል የኔን ስም አለመጥራቷን የሰማሁት ትናንት ነው። ትናንት ብሰማ ዛሬ መጣሁ።

ሰኔ 12 ቀን እሑድ በአውቶቡስ ሞጣ ወርጄ የአባቴ ደብር ሰንበቴ ላይ ተገኘሁ። እኅቴ አየሁሽ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ «አያ፣ ይኼማ የአባታችን ነው!» ብላ አለቀሰች። በአገራችን ዘር የለመነ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ስለዚህ የሰንበቴው ሰው ሁሉ በሦስት ጣቱ ቆነጠረ። እያንዳንዱም ከራሱ ገብስ ጋር ደባልቆ ዘርቶታል። ከቆነጠሩት መካከል የሳጅን ሐብታሙ አክስት እንደሚገኙበት በዚህ ቃል ላይ እንዲሰፍር ጠይቄያለሁ። ሳጅኑ «አባባ፣ እሱ አስፈላጊ አይደለም» ቢለኝም እንዲሰፍር አድርጌያለሁ።

ዘሩ ተነቅሎ እንዲቃጠል ማሳዎቹን አሳይ ተብዬ አላሳይም ብያለሁ። አሁን ሁሉም ቡቃያ አረንጓዴ ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ የዘራውም አይለየው። መንቀል የሚፈልግ ደብሩን በሙሉ ይንቀል። በሽታ ቢኖርበትስ ተብዬ ስጠየቅ፣ ከሞጣ ሲወጣ ጤነኛ ነበር፤ ታሞ ከሆነ ያሳመሙት ያስታምሙት ብዬ መልሻለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ሰርቄ» ባልሁበት ቦታ «ከልጅ ልጄ ተቀብዬ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ተቀባይ ካለ ሰጪ አለ። እንዲሰረዝ ጠየቅሁ። ሳጅኑ «አባባ፣ ሰርቄ ካሉ እኮ ምስክርነትዎ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናሉ» አለኝ። «እና አንተ ለምን ትፈራልኛለህ? ይልቅ በደንብ አድምቀህ ጻፈው፤ ልጅቱን ልቀቁና እኔን ያዙ» አልሁት። «ሰርቄ» ተብሎ ካልተጻፈም እንደማልፈርም አስታወቅሁ።

ከላይ ያለው ቃል ከታረመ በኋላ እንደገና ተነቦልኝ፣ ከአፌ የወጣና እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ገብረ ሕይወት ይታያል

«ከልጅ ልጄ ተቀብዬ» የሚለው ተሰርዞ «ሰርቄ» በሚል የተተካው ምስክሩ አስገድደው ስለጠየቁ ነው።
ሳጅን ሐብታሙ የኔሰው (ፊርማ)