አንደኛ ማዕረግ ፎቶ አንሺ ነበርኩ

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝማ ልጆች፣ በእኛ ጊዜ አዳማ ላይ ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ስንት ነበር? ሁለት! ሁለት ብቻ። አንዱ እኔ ለማ፣ የባቡር ጣቢያው ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ፣ ሌላው ደጀኔ፣ እዚያው ጣቢያ ቴሌግራም የሚመታው። በቃ። ከሁለት አንዱ ሲሄድ ስንት ይቀራል? እሱን ነው የማወራችሁ። አንቺ ደግሞ፣ አዎ አንቺ፣ ካሜራ አንገትሽ ላይ ያንጠለጠልሽው፣ ቅድም «እኔ እኮ ጎበዝ ነኝ» ስትይ ሰምቼሻለሁ፣ ደሜ ነው የፈላው። ሳቂ፣ ሳቂ፣ ትሰሚኛለሽ።

ታዲያ ያን ጊዜ ጣልያንም አልመጣ፣ አዳማ ማለት ጣቢያው ነው፣ ግራር ነው፣ አቧራ ነው፣ ነፋስ ነው። ካሜራውም እንደ አሁኑ አይደለም፣ በሦስት እግር የሚቆም፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ያለው፣ እና ፊልም አይደለም የሚጎርሰው፣ መድኃኒት የተቀባ መስታወት ነው። አንድ መስታወት አንድ ፎቶ። ከጅቡቲ እስኪመጣ ወር፣ ሁለት ወር። እና እሑድ እሑድ ደጀኔ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግምጃ ቤቱን እንዘጋለን፣ ቀዳዳውን በጆንያ እንደፍናለን፣ ፋኖሱን ቀይ ጨርቅ እናለብሰዋለን፣ ፎቶ እናጥባለን። ሙቀቱ! የአዳማ ሙቀት! ውሃው ይሞቅና መድኃኒቱ ከመስታወቱ ላይ ይንሸራተታል፣ የሰውየው ዓይን አገጩ ላይ ሲወርድ ታየዋለህ። ደጀኔ ይስቃል። እኔ የማጠቢያውን ሳህን አሽቀነጥራለሁ። እንዲያ ነበርን።

እና ፎቶው ሲደርቅ እንደረድረውና ራሳችንን እንመዝናለን። በምን? በባቡር! ባቡሩ አንደኛ ማዕረግ አለው፣ ሁለተኛ ማዕረግ አለው፣ ሦስተኛ አለው፣ ከዚያ ወዲያ ፉርጎ ነው፣ ጆንያና ከብት የሚጫንበት። ሕጉ ምንድነው? የራስህን ፎቶ ራስህ ታሳፍራለህ። ከዚያ ጓደኛህ እንደ ተቆጣጣሪው እጁን ዘርግቶ «ቲኬት!» ይላል። ያን ጊዜ ለምን እዚያ እንዳስቀመጥከው ታስረዳለህ።

ደጀኔ ሁልጊዜ ሦስተኛ ነው። «ቲኬት!» ስለው፣ «ጌታዬ፣ እጄ ተንቀጥቅጧል፣ የበሬው ቀንድ ሦስት ሆኗል፣ ሦስተኛም የገባሁት ለምኜ ነው» ይላል። እኔስ? አንደኛ! ሁልጊዜ አንደኛ! «ቲኬት!» ሲለኝ «ቲኬት የምትጠይቀኝ አንተ ማን ነህ!» እላለሁ። ይስቃል። «ወይ ለማ፣ በዚህ ባቡር ያለ ቲኬት የሚሄድ አንተ ብቻ ነህ» ይለኛል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። ደግሞ «ሰማዩ ነጭ ሆኖብሃል፣ ሰውየውን ባዶ ላይ ነው የሰቀልከው» ይለኛል። በሩን ወርውሬ እወጣለሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን እሱ ያለውን አስተካክዬ አነሳለሁ። ይሄን አንድም ቀን አልነገርኩትም። አንድም ቀን።

ታዲያ እናቱ መጡ። እትዬ በላይነሽ፣ ከቢሾፍቱ፣ አንድ ልጃቸውን ሊያዩ። እትዬ በላይነሽ ግራ ዓይናቸው አያይም፣ ነጭ ነው፣ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ነው ያጠፋው። እና ደጀኔ ጠራኝና «ለማዬ፣ እናቴን አንሳልኝ» አለኝ።

«ለምን አንተ አታነሳም?»

«እኔ ሦስተኛ ነኝ። እጄ በእናቴ ላይ ቢንቀጠቀጥስ? ደግሞ እኔ መስታወት ጨርሻለሁ። አንተ ጋ ሁለት አለ አይደል? አንዷን ለእናቴ።»

አያችሁ? ሲቀልድብኝ ኖሮ፣ የምር ሲሆን አመነኝ።

እና እኔ ምን አሰብኩ? አንድ ግሪክ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ የፈረንጅ መጽሔት አይቻለሁ፣ ሴቶቹ ሁሉ በጎን ነው የተነሱት፣ አፍንጫቸው፣ አንገታቸው ብቻ። ጥበብ ማለት ይሄ ነው ብያለሁ። ደግሞ ያ ዓይናቸው! በቀኝ በኩል ባነሳቸው አይታይም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው እኮ፣ በክፋት አይደለም። ግምጃ ቤቱ በር ላይ አስቀመጥኳቸውና «እትዬ፣ ወደዚያ ወደ ግራሩ ይመልከቱ» አልኳቸው።

«አንተ ያለኸው እዚህ፣ እኔ ግራሩ ጋ ምን አለኝ?»

«ዝም ብለው ይመልከቱ እትዬ።»

ተመለከቱ። አነሳሁ። አጠብኩ። ያ ፎቶ፣ ልጆች፣ ያ ፎቶ! የነጠላቸው ክር ይቆጠራል። ብርሃኑ ግንባራቸው ላይ እንዴት እንደወረደ! በሕይወቴ እንደዚያ አላነሳሁም። «አንደኛ ማዕረግ!» ብዬ ጮኼ ሰጠኋቸው።

እትዬ በላይነሽ ያዙት። አዩት። ገለበጡና ጀርባውንም አዩት። «ሌላው ዓይኔስ?» አሉ።

«አይታይም እትዬ፣ ደበቅኩልዎት።»

«ምን አጠፋሁ ልጄ? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው? ይሁዳ አይደለም? ሰይጣን አይደለም? ጻድቅ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ነው። እኔን ከማን ጋር አቆምከኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ ያኛው እኮ አያይም…»

«ባያይም የኔ ነው» አሉ። አልጮኹም፣ ቀስ ብለው ነው ያሉት።

ታዲያ ደጀኔ ለዘብ ብሎ «ለማ፣ አንዷ መስታወት አለች አይደል፣ ፊት ለፊት አንሳቸውና ይለቅ» አለኝ። ይሄ ምን ያስቆጣል? ምንም! እኔ ግን ነደድኩ። «አላነሳም! እናትህ ስለ ፎቶ ምን ያውቃሉ? አንተስ ምን ታውቃለህ፣ ባለ ሦስተኛ!» አልኩት። እናቱ ፊት። እናቱ ፊት ነው ያልኩት። ደጀኔ ሳይስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በነጋታው ባቡሩ መጣ። እትዬ በላይነሽ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። እኔ በእልህ ካሜራዬን ጣቢያው ላይ ገትሬያለሁ፣ ያቺ የመጨረሻዋ መስታወት ገብታለች። እና እትዬ ዞር ብለው አዩኝ። ፊት ለፊት። በሚያየውም በማያየውም። እጄ ላይ ያለችውን የካሜራውን ማንሻ ጎማ ጨመቅ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ። «ካልለመኑኝ አላነሳም» አልኩ በልቤ። ባቡሩ ሄደ። እና በዚያች መስታወት የባቡሩን ጭስ አነሳሁባት። ጭስ! ምን ይደረጋል ጭስ!

ከዚያ በኋላ እሑድ ሲመጣ ደጀኔ የለም። ድሮ ለጨዋታ በእኔ በኦሮምኛዬ ነበር ሰላም የሚለኝ፣ «አካም ቡልቴ ለማ!» እያለ እየጮኸ፣ አሁን ኮፍያውን አንስቶ «እንደምን አደሩ አቶ ለማ» ሆነ። አደሩ! እኔን! ምነው በሰደበኝ። ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ ራሱ ጠይቆ ወደ አዋሽ ጣቢያ ተዛወረ።

እና ብቻዬን ቀረሁ። ፋኖሱን አለብሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ እደረድራለሁ። ለሰው አሳያለሁ። ሰው ምን ይላል? «ውይ፣ ይሄ የነእገሌ በሬ አይደለም?» ይላል። «ሰማዩስ? ሰማዩ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ሰማይ ምን ሆነ?» ይለኛል። አንደኛ ልበለው፣ ፉርጎ ልጫነው፣ በምን አውቄ? አንድ እሑድ ብቻዬን ተቀምጬ ጮክ ብዬ «ቲኬት!» አልኩ። ቤቱ አስተጋባ። ደነገጥኩ፣ ፋኖሱን ሳላጠፋ ወጣሁ።

ዓመት አለፈና እትዬ በላይነሽ ማረፋቸውን ሰማሁ። እና ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ስላክ ፎቶዎቼን በሙሉ በብብቴ ይዤ ተሳፈርኩ፣ አዋሽ ላይ ደጀኔ እንዲያይልኝ። አገኘሁት። ከል ለብሷል፣ ከስቷል። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት።

«አሜን።»

«ያ ፎቶአቸው አለ?»

«አለ። ሌላ የለኝማ። ለቅሶው ላይ አቁሜው ነበር፣ ሰዉ ‹ሌላው ዓይናቸውስ?› አለኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ከወዲያ በኩል ነው አልኳቸው።»

በቃ፣ ያን ጊዜ ነበር። «አጥፍቻለሁ ወንድሜ» የሚለው እዚህ፣ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ነው። እና አፌ ሲከፈት ምን አለ? «ብርሃኑ ግን ጥሩ ነበር አይደል?» አለ። ይሄ አፍ! ደጀኔ አየኝ፣ አየኝና «በጣም ጥሩ ነበር አቶ ለማ» አለኝ። ከዚያ ባቡሩ ነፋ፣ ተሳፈርኩ፣ ሄድኩ።

«ታዲያ አባባ፣ ይቅርታ ሳይጠይቁት ቀሩ?»

ባቡሩ ነፋ አልኩሽ እኮ!

«ከመንፋቱ በፊትስ?»

ሃ! ሃ ሃ ሃ… አያችኋት ይቺን! አዋሽ ላይ ባቡሩ ለምሳ ይቆማል ልጄ። አንድ ሰዓት ነው የሚቆመው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ብርሃን ነው ያወራሁት።