ለአረፋ የታረደው ሁለተኛ በግ

ጦርነቱ ወደ ወሎ እየገፋ በነበረበት ዓመት፣ አረብ አገር የምንሠራ የሐይቅ ልጆች ለወታደራዊ ትምህርት የመጡ ያገራችንን ተማሪዎች ለአረፋ ጠራን። ሥጋው ሲቀርብ ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አልዘረጋም።

«ብላ እንጂ ወንድሜ፤ አገርህ የት ነው?» አልኩት።

«አምባሰል። ኃይለሚካኤል እባላለሁ።»

ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊም ያረደውን አይበላም። አብሮኝ የሚኖረው ሰይድ፣ «ወላሂ ጉድ ሆንን! ዳቦ እንስጠው?» አለ።

«የአምባሰል ሰው በአረፋ ቀን ከቤቴ ዳቦ በልቶ አይሄድም» አልኩና ለነገ ያሰርነውን በግ ጎትቼ ቢላዋውን ለእንግዳው ሰጠሁት። «በል፣ ባርከህ እረድ።»

በስመ አብ ብሎ አረደ። እሱ ያረደው ሥጋ እስኪበስል ማናችንም አልጎረስንም። ሁለቱን ትሪ ጎን ለጎን አድርገን መብላት ስንጀምር አረቡ አከራያችን ብቅ አለ።

«ትሪ የለያችሁት ተጣልታችሁ ነው?»

«አብረን እንድንበላ ነው» አልኩት።