አራተኛው ጎማ

ነይ እስቲ የቺሌሼ እናት፣ እዚህ ጥላው ስር ተቀመጪ። በርጩማ የለኝም፤ ያችን አሮጌ ጎማ ሳቢና አረፍ በይባት። ማንጎው ይወድቅብኛል ብለሽ አትፍሪ፣ ገና ጥሬ ነው። አንቺ ለውዙን ፈልፍዪ፣ እኔ ለወጥ የሚሆነውን አባጨጓሬ እለቅማለሁ። ዘንድሮ እንዴት ወፍራም እንደሆነ አየሽው? የአምናው እኮ ጭራሮ ነበር። ልጆቹ ደህና ናቸው? ወገብሽስ? ...ተመስገን።

ድምፄ በዛ እንዴ? ይቅርታ። ያን ሁሉ ዘመን የማዕድን ሠራተኞችን አውቶቡስ ስነዳ ከሞተሩ በላይ መጮህ ለምዶብኝ ነው። ደግሞ ራቅ ያለ ሰው ቢሰማስ ምን ይጎዳል? የምናወራው መልካም ነገር ነው።

የምን እግር? ...ከመኪናዬ ስር የወጣው? እኔ ምንም እግር አላየሁም! የሰው ሴት ልጅ ያገባ ወንድ የመግቢያውን ዶሮ ከአማቱ እጅ ሳይበላ፣ እሷ ፊቱን አታይ፣ ስሙን አትጠራ፣ አታናግረው... ሥርዓታችን አይደል? ደግ ሥርዓት ነው። አያቶቻችን አንዳንዱ አማች ምን ዓይነት እንደሚሆን ቀድሞ ታይቷቸው ነበር መሰለኝ።

እንግዲህ እግሩን ትተን ስለ መኪናዋ እናውራ።

ታውቂያት የለ? ጃፓን አገልግላ የመጣች ብትሆንም አራቱም ጎማዋ ነው የሚገፋው። በዝናቡ ጭቃ ቲማቲም ጭኜባት አንድ ቀን አላሳፈረችኝም። አሁንም ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሙሽራ ናት። ልክ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ወደ ግቢዬ በር ልገባ ስል ግን... ቀጥ! ከኋላ በገመድ የያዛት ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ጠጠር ላይ ትንሽ ይሻላታል፤ ሲሚንቶው ላይ ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች፣ ትዘላለች። ካልጠገቡ አይዘሉ ይባል የለ? እሷ በባዶ ታንከርም ትዘላለች። እሁድ ፓስተራችን አይተዋት "አንድ ነገር ይዟታል" ብለው ኮፈኗ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። አሜን ብለን፣ ተሳፍረን ስንታጠፍ... ፓስተሩ ራሳቸው ግንባራቸውን ከመስታወቱ ጋር አጋጩ።

ግን አንቺ፣ ልጄ ካቶንጎ ምን የመሰለ አዋቂ ባል አገኘች! እኒያ ሰው መጀመሪያ "ፍሬን ነው" አሉ። ፍሬኑ ተፈታ። ደህና ነበር... ከተገጠመ ወዲህ ነው ትንሽ መጮህ የጀመረው። ቀጥለው "የመሪ ዘይት ነው" አሉ። ተቀየረ። አሮጌው ዘይት ለዶሮ ቤቴ ምስጥ ማጥፊያ ሆነኝ፤ እንዴት ያለ በረከት ነው! ከዚያ ስልካቸውን ይዘው ሲያነቡ ዋሉና "ጃፓን ስለኖረች መታጠፍ አልለመደችም" አሉ። ጃፓን መታጠፊያ የለም እንዴ? እኔ መቼ ሄጄ አውቄ! ዛሬ ደግሞ ካምቢዮዋ ይውረድ ተብሏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ... ስለ ወረቀቱ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

እኔ ምን አውቃለሁ? አሮጊት ነኝ። ብቻ ትናንት ጥራጊ ልደፋ ስወጣ ከማሸርጠው ቺቴንጌዬ ጫፍ ቀደድ አድርጌ በየጎማው ዙሪያ ጠመጠምኩት። እንዲሁ፣ ለጨዋታ። ሦስቱ እኩል ናቸው፣ እንደ መንታ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጨርቁ አራት ጣት ጎደለ! "ወፍሮ ይሆናል" ብዬ አለፍኩ።

የትኛው? ...አዲሱ ነዋ! የፊቱ ቀኝ። ባለፈው ወር ሪባን ታስሮበት ከእኒያው ሰው በስጦታ የመጣልኝ። ውብ ጎማ! ጥርሱ ያላለቀ፣ መንገድ ያልነካው። አሮጌዬን ነቅለው በእጃቸው ገጠሙልኝ። ደህናዋን አሮጌዬን ማለቴ ነው... የተቀመጥሽባትን። ተመቸችሽ?

ስጦታ ነቀፈች እንዳትይኝ። ስጦታ ይነቀፋል? አራት ጎማ ማንም ለጋስ ይሰጣል፤ አንድ ብቻ መስጠት ነው ልብ የሚጠይቀው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? ሦስቱ አብረው አራተኛው የራሱን እርምጃ ሲራመድ ደግሞ አንበሳውን ትቶ ሴትዮዋን በገዛ በሯ ላይ ያስራታል። አራት ሰው አንድ አልጋ ተሸክሞ፣ የአንዱ እርምጃ ረዘም ካለ፣ በር ላይ ሲታጠፉ ምን ይሆናሉ? በዚህ ጊዜ የአልጋው ካምቢዮ ይውረድ ይባላል እንዴ?

እኔን የሚያሳዝነኝ የቅዳሜው የመግቢያ ሥርዓት ነው። የካቶንጎ አክስቶች ከሉዋንሽያ በመኪናዬ ካልመጡ ሥርዓቱ አይሞላም። ሥርዓቱ ካልሞላ ዶሮዋ አትቀርብም። ዶሮዋ ካልቀረበች እኒያ ሰው እንደለመዱት ከአጥሩ ውጭ ቆመው የጎረቤት ንሺማ፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ሲጠቀልሉ ይከርማሉ። ልጄም አንድ እግሯ እዚህ፣ አንድ እግሯ እዚያ... እንደ መኪናዬ። ሁለቴ አራዘምነው እኮ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የኔው እንቁላል በእግሩ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ቅዳሜን ሲጠብቅ አረጀ። ያቻትልሽ፣ አዲሱ ጎማ ስር ተኝታ ትጭረዋለች። እንስሳ እንኳ አንዳንድ ነገር ይገባዋል፣ አይገርምሽም?

ቆይ... ስሚ! ክሪክ ተነሳ! የጎማ ብሎን ነው እኮ የሚፈታው! ገባቸው፣ የቺሌሼ እናት፣ ገባቸው! ተነሺ፣ ተነሺ ከጎማዋ ላይ፣ አንከባልለሽ አቀብያቸው። እኔ ጀርባዬን አዞራለሁ። እኔ እኮ ብያለሁ፣ ልብ ያላቸው ሰው ናቸው! ልጄ ካቶንጎ ባል መምረጥ ታውቃለች። ዶሮዋን ያዣት፣ እንዳታመልጥ! የሚፈቱት የፊቱን ቀኝ ነው አይደል?

...የኋላውን?

...የኋላውን ግራ? ከመንታዎቹ አንዱን?

...ተቀመጪ። ተቀመጪ እህቴ፣ ለውዙም አላለቀ። ዶሮዋንም ልቀቂያት፣ ትጫወት።

እኔ ምን እላለሁ፣ ምርቃት እንጂ! አሜን በይ፣ ጮክ ብለሽ። እግዚአብሔር የማቱሳላን ዕድሜ ይስጣቸው፣ ደጄን ለመርገጥ ተቻኩለው እንዳይደክሙ። ለኔም ለዶሮዋም ይጨምርልን። እጃቸውን ይባርክ፣ ያልነኩት ነገር ሁሉ ደህና ነውና። ጭንቅላታቸውንም ልክ እንደ ሰጡኝ ጎማ ይጠብቅላቸው... አዲስ እንደሆነ፣ ምንም መንገድ ሳይነካው።