ሥራ ሲሰጡት የተግደረደረው አባቴ

አባዬ ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ሲፈልግ ከቆየ በኋላ ሜስኪት የሚባል ከተማ ያለ አንድ የፍሪጅ ጥገና ቤት ለኢንተርቪው ተጠራ። እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ እጄን እንኳ የማላወጣ ልጅ ነኝ።

ኃላፊዋ አንድ የተበላሸ ፍሪጅ ሰጠችው። ደሴ እያለ ሥራው ይኸው ነበርና ቁጭ ብሎ ሞተሩን አስነሳው። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ "ኦኬ፣ ሥራው ያንተ ነው። ነገ መጀመር ትችላለህ?" አለች። ተረጎምኩለት። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

"አይ፣ ግዴለም። ከእኔ የባሰ የቸገረው ካለ ለእሱ ይስጡት በያት።"

ሰው ቤት ምሳ ሲያቀርቡለትም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ጊዜ "በሞቴ" ካልተባለ እጁን አይታጠብም። ግን እዚህ አገር ማን ሦስቴ ይለምናል? ሴትዮዋ ሰዓቷን አየት አደረገችና፣ "ምን አለ?" አለችኝ።

"እሺ፣ ነገ እመጣለሁ ብሏል" አልኳት። እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "ስንቴ ለመነችኝ?" አለኝ።

"አልለመነችህም። እሺ ብሏል አልኳት።"

"በአንዴ?"

"በአንዴ።"

"ልጄ፣ ሆዳም አስመሰልሽኝ እኮ" ብሎ ሰፈራችን ቪከሪ ሜዶ እስክንደርስ አኮረፈኝ።

በማግስቱ ለትምህርት ቤት ስነሳ፣ ሆዳሙ ሰውዬ ለባብሶ፣ ምሳውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሥራው ሊጀመር ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።