የሙሽራው ተረከዝ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ወጣትና ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ተቀምጠዋል።

«ተረከዜን ልታከም የውበት ሳሎን ብሄድ ወንድ አናስገባም ተብዬ ተመለስኩ» አላቸው።

«ውይ፣ በደሉህ። ቅንድብህንስ ማን ሊቀነድብልህ ነው?»

«አይቀልዱ እናቴ። እሁድ ሠርጌ ነው። ለተክሊል ጫማዬን አውልቄ ስቆም ሰው ሁሉ ይኼን ንቃቃት ሊያየው ነው።»

«ካህኑ የሚባርኩት ራስህን ነው ተረከዝህን?»

«ሙሽራዋ ናት ሳታሠራው እንዳትመጣ ያለችኝ።»

«ይኼን ያህል ካሳሰባት ሄዳ ባለሳሎኗን አትለምንልህም?»

«ባለሳሎኗ እሷ ናት። ለባሌ ብዬ ደንቤን አላፈርስም፣ ሞጣ ሄደህ ሞክር አለችኝ።»

«እስኪ እውነቱን ንገረኝ ልጄ፤ ሞጣ የምትሄደው ተረከዝህን ልታሠራ ነው ልትጠፋ?»

እኔ እሁድ መምጣት አለመምጣቱን ሄጄ እንዳይ ተክሊሉ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ልጠይቀው እያማረኝ ከንፈሬን ነክሼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።