የማቀዝቀዣው ጋዝና የጎረቤት ማሳ

ለልጄ እህል ይዤላት ደብረ ማርቆስ ብገባ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ያረጀ የአየር ማቀዝቀዣ ልትፈታ ስትዘጋጅ አገኘኋት። ሙያዋ ነው። የሆቴሉ ባለቤት አጠገቧ ቆሞ ይነዘንዛታል። «ነገ ሠርግ አለብኝ! ጋዙን ወደ ውጭ ልቀቂውና ጨርሺ። እምቢ ካልሽ ሌላ ባለሙያ እጠራለሁ» ብሎ ስልኩን አወጣ። «ጋዙ የሁሉንም አየር ይጎዳል፤ መልቀቅ በሕግም ክልክል ነው። መጀመሪያ ወደ ሲሊንደር ልሰብስበው፣ ይታገሡኝ» አለችው። ዞር ሲል እኔን አየ። «አባቴ፣ ይምከሯት እንጂ! አየር ደግሞ የማን ሆነና ነው?»

እኔ ወሬ አላበዛም። የገበሬ ልጅ መሆኑን ከአነጋገሩ ስላወቅሁ፣ «አባትህ የማሳውን ጎርፍ በጎረቤት ጤፍ ላይ ይለቅ ነበር?» አልኩት። ቆጣ አለ። «ምን ሲደረግ! ሽማግሌ ፊት ያስቆማል እኮ!» «እሷም ያንተን ጋዝ በሰው ላይ አልለቅም ነው ያለችህ። ጥፋቷ ምኑ ላይ ነው?» አልኩት። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወንበር አመጣልኝ። ልጄ ቱቦውን ከሲሊንደሩ ጋር እያገናኘች፣ «አባዬ፣ ዛሬስ ብዙ ተናገሩ» ብላ ሳቀች።

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።